አሮጌ የስፌት መኪና በጎንደር፦ ሲንጀር፣ ኔኪ ወይስ ቢራቢሮ?

አሮጌ የስፌት መኪና ሊገዛ የወጣ ሰው መጀመሪያ ዐይኑ የሚያርፈው ወርቃማው ጽሑፍ ላይ ነው። ጥቁር ብረት ላይ «ሲንጀር» የሚል ካየ በቃ፣ ልቡ ሄደ። እኔ ግን ስሙን በኋላ እዩት እላለሁ። መጀመሪያ ከመርፌው ሥር ያለችውን ትንሽ ክዳን ከፍታችሁ ቦቢኑን (የታችኛው ክር የሚጠቀለልበትን) እዩ። መኪናው ነገ ልብስ ይሰፋል ወይስ ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጦ ይቀራል የሚለውን የሚወስነው ቦቢኑ ነው።

ጎንደር ውስጥ አሮጌ መኪና ማግኘት ያን ያህል አይከብድም። ቅዳሜ ገበያ ዙሪያ፣ ፒያሳ ከቆዩት የጣሊያን ሕንፃዎች ሥር፣ አዘዞ መንገድ ዳር፣ በረንዳ ላይ የሚሰፋ ሰው አይጠፋም። ከሱ ኋላ ደግሞ በጆንያ የተሸፈነ፣ ሥራ ያቆመ ሌላ መኪና አንዳንዴ ይኖራል። በየቤቱም የአያት መኪና አለ። ከባዱ መለዋወጫው ነው። የጎደለውን ዕቃ ከውጭ የሚልክ ዘመድ ያለው ሰው የፈለገውን ይግዛ። እንደ አብዛኛዎቻችን እዚሁ ገበያ ላይ የምትተማመኑ ከሆነ ግን ምርጫችሁ ሌላ ነው። እኔ የምሰበስበው የሚሰፋ መኪና ነው። የማይሰፋውን የሚወድ ሰው አለ፣ እሱም መብቱ ነው። ግን የገዛው የትኛውን እንደሆነ ቀድሞ ይወቅ።

ከመርፌው ሥር ያለው ልዩነት

የስፌት መኪና ሁለት ክር ያቆላልፋል። አንዱ ከላይ በመርፌ ይወርዳል፣ ሌላው ከታች ከቦቢን ይወጣል። የሚቆላለፉበት መንገድ ግን ከሞዴል ሞዴል ይለያያል።

ከቆዩት ሲንጀሮች ሞዴል 27፣ 28፣ 127 እና 128 ቦቢናቸው ቀጭንና ረጅም ነው። ቦቢኑን የሚይዘው ብረት ልክ የሸማኔ መወርወሪያ ይመስላል። ሥራውም ያው ነው፤ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ በላይኛው ክር ቀለበት ውስጥ ያልፋል። 27 እና 127 ትልልቆቹ ናቸው። 28 እና 128 ደግሞ በሩብ ያህል ያነሱ፣ ለመሸከም የቀለሉ ናቸው። ጌጣቸው በጣም ያምራል። አንዳንዶቹ ላይ ክንፍ ያለው የግብፅ ስፊንክስ በወርቅ ቀለም ታትሟል። ቀጭን ጨርቅ ላይ የሚያወጡት ስፌት ጥርት ያለ ነው። ድምፃቸውም ለስላሳ ነው።

ችግሩ ያቺ መወርወሪያ ናት። ጫፏ በትንሹ ከተጎዳ ወይም ከዛገ ስፌት ይዘላል። ከጠፋች ደግሞ በቻይናው ቢራቢሮ መኪና ቦቢን አትተካም፤ ቅርጹ ፍጹም የተለየ ነው። ረጅም ቦቢን አሁንም የሚያመርቱ አሉ፣ ግን ተራ የክር ሱቅ ውስጥ ገብታችሁ የምትገዙት ዕቃ አይደለም። ስለዚህ ረጅም ቦቢን ያለውን መኪና የምገዛው መወርወሪያዋ በቦታዋ ካለችና ሁለት ሦስት ቦቢን አብሮ ከመጣ ብቻ ነው። ሻጩ «ቦቢኑ ቤት አለ፣ ነገ አመጣለሁ» ካለ ክፍያውም ነገ ይሁን።

ከዚህም የሚብሱ አሉ። ከ27 በፊት የነበረው ሞዴል 12 መቀመጫው እንደ ክራር ወገብ ገባ ያለ፣ እጅግ የሚያምር መኪና ነው። ግን መርፌው የራሱ ነው፤ ዛሬ ሱቅ የሚሸጠው የቤት መኪና መርፌ አይገጥመውም። 27 እና 28 ቢያንስ ዛሬ የምናውቀውን አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ የሆነ የቤት መኪና መርፌ ይወስዳሉ። ሞዴል 12 ካገኛችሁ ለጌጥ ነው የምትገዙት። ዋጋውንም እንደ ጌጥ ተነጋገሩ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሲንጀር ሞዴል 15 የሚባለው መኪና ክብ ቦቢን አለው። ቦቢኑ ከነቤቱ በግራ በኩል፣ መርፌው ካለበት ጫፍ ሥር ይገባል። የክር መወጠሪያውም ብዙ ጊዜ ግራ ጫፉ ላይ ነው። ዓለም ላይ እንደዚህ ሞዴል የተቀዳ የስፌት መኪና የለም። ጃፓኖች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በብዛት ቀዱት። ቻይናዎቹም ቀዱት፣ እኛ ቢራቢሮ ወይም በተርፍላይ የምንለው የሻንጋይ መኪና ከዚህ ሞዴል የተወለደ ነው። የህንዱ ኡሻም እንዲሁ።

ለጎንደር ሰው ትልቁ ነጥብ ይህ ነው። አያታችሁ የተዉላችሁ ሞዴል 15 ሲንጀር ቦቢኑ ቢጠፋበት የቢራቢሮ ቦቢን ይገጥመዋል። የቦቢን ቤቱም ብዙ ጊዜ ይገጥማል። መርፌውም ያው ነው። ከዘጠና ዓመት በላይ የቆየ መኪና በዛሬ ዕቃ ይሠራል ማለት ነው። ለመሰብሰብ አዲስ የሆነ ሰው «አንድ ብቻ ልግዛ፣ የቱን?» ካለኝ ያለ ማመንታት 15 እለዋለሁ። ጌጡ ከ27 ጋር አይወዳደርም። ግን ይሰፋል፤ ቢበላሽም የሚጠግነው ሰው ሩቅ አይደለም።

ሞዴል 66 ቦቢኑን ከላይ የምትጥሉበት ነው። ክዳኑን ወደ ጎን አንሸራታችሁ ቦቢኑን ጣል ታደርጉታላችሁ። ቀላል ነው፣ ልጅም ይለምደዋል። ታናሹ 99 ይባላል፤ መጠኑ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ሁለቱም ጠንካራ ናቸው። ቀይና ወርቃማ ጌጥ ያለበት 66 «ቀይ ዐይን» በሚል ስም በሰብሳቢዎች ዘንድ ይታወቃል። በተለይ አሜሪካ ተሠርቶ የመጣ ነው። አሮጌ 66 ስትገዙ ግን መጫኛ እግሩ (ጨርቁን ተጭኖ የሚይዘው) የሚታሰረው ከጎን ነው ወይስ ከኋላ ብላችሁ እዩ። ከኋላ የሚታሰርባቸው አሉ፤ ለነሱ ዛሬ የሚሸጠው ተራ እግር አይሆንም። አብሮት የመጣው እግር ብቻ ነው ያላችሁ። ተንሸራታቿ የቦቢን ክዳንም ብዙ ጊዜ ጠፍታ ታገኛላችሁ። ጠፍታ ከሆነ ዋጋ አስቀንሱ።

201 የሚባለው በ1930ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. የመጣ ነው። ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ ለሚፈልግ ሰው ሲንጀር ለቤት ከሠራቸው ሁሉ ምርጡ ይህ ነው ባይ ነኝ። ውስጡ በጥርስ ጎማ ይዞራል፣ ድምፁ አይሰማም ማለት ይቻላል፣ ከጥበብ ቀሚስ እስከ ጂንስ ይሰፋል። ካገኛችሁ አትለፉት። ግን በቀላሉ አይገኝም፤ ያለውም ሰው አይለቅም።

«የምኒልክ ጊዜ ነው» ሲሏችሁ

ደላላ መኪና ሲሸጥ ዘመን ይጨምራል። «ይህ የምኒልክ ጊዜ ሲንጀር ነው» ይላል። ወይ «ጣሊያን ጥሎት የሄደው ነው» ይላል። ደስ የሚለው ነገር ሲንጀር ላይ ይህን በዐይን ማረጋገጥ መቻሉ ነው።

መኪናው መቀመጫ ላይ፣ በቀኝ በኩል ከመዘውሩ ሥር፣ የተመታ ቁጥር አለ። ቁጥሩ ብቻ ካለና ፊደል ከሌለው ከ1900 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ ነው። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ከፊቱ የላቲን ፊደል ይዞ መጣ። ኤፍ ወይም ዋይ ካያችሁ ስኮትላንድ ክላይድባንክ ከተማ ከነበረው ፋብሪካ የወጣ ነው። ጂ ከሆነ አሜሪካ ኒው ጀርሲ። ሲ ከሆነ ጀርመን ቪተንበርገ። ሁለት ፊደል ሆኖ የመጀመሪያው ኢ ከሆነ ደግሞ እንደገና ክላይድባንክ ነው፣ ግን ከ1935 እ.ኤ.አ. ወዲህ።

አሁን ሒሳቡን ሥሩ። ዳግማዊ ምኒልክ ያረፉት በ1906 ዓ.ም. ነው። ከፊቱ ኢ እና ሌላ ፊደል ያለው መኪና ከ1927 ዓ.ም. በፊት ሊኖር አይችልም። «የምኒልክ ጊዜ» ያላችሁ ሰው ተሳስቷል ወይም አሳስቷችኋል። ክርክር ውስጥ አትግቡ፤ ቁጥሩን አሳዩትና ዋጋውን ከዚያ ጀምሩ። የሚያስፈልገው ንጹሕ ጨርቅና የስልክ መብራት ብቻ ነው። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ በዘይትና በአቧራ ተሸፍኗልና ቀስ ብላችሁ ጥረጉት።

ክላይድባንክ የነበረው ፋብሪካ ኪልቦዊ ይባል ነበር። ሞዴል ቁጥር መጨረሻ ላይ «ኬ» የሚል ፊደል ካያችሁ፣ ለምሳሌ 15ኬ ወይም 201ኬ፣ እዚያ መሠራቱን ያመለክታል። በዘመኑ ከዓለም ትልልቅ የስፌት መኪና ፋብሪካዎች አንዱ ነበር። በ1980 እ.ኤ.አ. ተዘጋ። በአካባቢው ያለው የባቡር ጣቢያ ግን እስከ ዛሬ ሲንጀር ነው የሚባለው።

አንዳንድ መኪና ላይ 1851 እና 1951 የሚል ክብ ባጅ አለ፣ ጠርዙ ሰማያዊ ነው። ሻጮች «የመቶ ዓመት ነው፣ ብርቅ ነው» ይሉታል። የኩባንያው መሥራች ይሥሐቅ ሲንጀር የመጀመሪያ የፈጠራ ባለቤትነት ፈቃዱን ያገኘበትን መቶኛ ዓመት ለማክበር የተለጠፈ ነው። በዚያ ሰሞን የወጡት እጅግ ብዙ መኪኖች ላይ አለ። ቆንጆ ነው፤ ብርቅ ግን አይደለም። ለባጁ ብላችሁ ብር አትጨምሩ።

የጣሊያኖቹ

ጎንደር የጣሊያን መኪና መጠየቋ አይገርምም። ጣሊያኖች ከመጋቢት 1928 እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም. እዚህ ነበሩ። በምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻውን ትልቅ ምሽጋቸውን ያስረከቡትም እዚሁ ጎንደር ላይ ነው። ከዚያ ጊዜ የቀረ ዕቃ ቢኖር አይደንቅም። ግን በጣሊያን ስም የሚሸጥ መኪና ሁሉ የዚያ ጊዜ አይደለም።

ኔኪ ፓቪያ በምትባል የጣሊያን ከተማ ይሠራ የነበረ መኪና ነው። ቢዩ የሚባለው ሞዴሉ በ1930ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ለቤት ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ ዚግዛግ (መርፌው ግራና ቀኝ እየተመላለሰ የሚሰፋ) መኪኖች አንዱ ነው። እሱ የጣሊያን ጊዜ ሊሆን ይችላል። ሱፐርኖቫ ግን በ1954፣ ሚሬላ ደግሞ በ1957 እ.ኤ.አ. ነው የወጡት። ሁለቱንም የነደፈው ማርቼሎ ኒትሶሊ የሚባል ስመ ጥር ንድፍ ሠሪ ነው። እነዚህ መኪኖች ከጣሊያን መውጣት ብዙ ዓመት በኋላ የተወለዱ ናቸው። «ጣሊያን ጥሎት የሄደው ሚሬላ» የሚል ወሬ ስትሰሙ ይህን አስታውሱ።

ኔኪን ከሲንጀር 15 ጋር ሳወዳድር ልዩነቱ ግልጽ ነው። ሲንጀሩ ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ ነው የሚሰፋው። እንደ ቢዩና ሱፐርኖቫ ያለው ኔኪ ዚግዛግ ይሰፋል፣ ቁልፍ ቀዳዳ ይሠራል፣ የጨርቅ ጠርዝ ይይዛል። ለዕለት ሥራ ከፈለጋችሁት ኔኪ ይበልጣል። ግን ውስጡ የተወሳሰበ ነው። ለብዙ ዓመት ሳይሠራ የቆየ ኔኪ ውስጥ ያለው ዘይት እንደ ሙጫ ይደርቃል። መርፌው ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ወደ ጎን ግን ፍንክች አይልም። ዚግዛግ የሚለው መቆጣጠሪያ ቢነካም አይታዘዝም። ይህ ስብራት አይደለም፤ በትዕግሥት፣ በላምባና በሞቅ ባለ አየር ይላቀቃል። ያልገባው ሰው ግን በጉልበት ይጎትተውና ያኔ የምር ይሰበራል። ሱፐርኖቫ ላይ ደግሞ ጌጥ ስፌት የሚያወጡ ዲስኮች አሉ። ዲስኮቹ ካልመጡ መኪናው ግማሹን ጥበቡን አጥቷል።

የጀርመኑ ፋፍ 130 ከኔኪ ጋር ይወዳደራል፤ እሱም ዚግዛግ ነው፣ ጉልበቱም ከባድ ነው። እኔ ጥንካሬውን አደንቃለሁ። ግን ሞተር የተገጠመለት 130 የሚጠቀምበት ቺንጊያ ልዩ ነው። ከተበጠሰ ተራ ቺንጊያ አይተካውም። ስለዚህ 130 ከሆነ በእግር የሚሠራውን ፈልጉ።

ቢራቢሮን አትናቁ

ሰብሳቢዎች ቢራቢሮን እንደ ተራ ነገር ያዩታል። ይህ ያሳዝነኛል። አገራችን ውስጥ ስንት ቤተሰብ በቢራቢሮ መኪና ነው ልጆቹን ያስተማረው። መስከረም ሲጠባ የተማሪ ዩኒፎርም፣ ጥምቀት ሲደርስ የሴቱ ቀሚስ፣ የወንዱ እጀ ጠባብ ሁሉ በሱ ያልፋል። ከሃምሳ ዓመት በላይ የቆየ፣ ጽሑፉ ያልተፋቀ፣ ሳጥኑ ያልተሰነጠቀ ቢራቢሮ ካገኛችሁ ለታሪክ የሚቀመጥ ዕቃ ነው።

ጥራቱ ግን ከመኪና መኪና ይለያያል። የድሮዎቹ ብረታቸው ወፍራም፣ አሠራራቸው ጠንቃቃ ነው። ከኋላ የመጡት አንዳንዶቹ ላይ መዘውሩን ስታዞሩ እየሻከረ፣ አንድ ቦታ ላይ እየጠበቀ ይሄዳል። ስለዚህ ቢራቢሮ ስትገዙ ዕድሜን ሳይሆን ዙሩን አምኑ። መዘውሩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል መዞር አለበት።

ለዕለት ሥራም ለመሰብሰብም አንድ መኪና ብቻ የመግዛት አቅም ያለው ሰው፣ ጥሩ ሞዴል 15 ካላገኘ በደንብ የተያዘ አሮጌ ቢራቢሮ ይግዛ እላለሁ። ከተሰበረ ሲንጀር ያልተሰበረ ቢራቢሮ ይሻላል።

ለሥራ የተሠሩት ከባዶቹ

ሁለት መኪኖችን ለየት አድርጌ ልናገር። አንዱ ሲንጀር 31ኬ ነው። የባለሙያ ልብስ ሰፊ መኪና ነው፤ ካፖርትና በርኖስ አይከብደውም። መርፌው እንደ ዛሬው የፋብሪካ መኪና መርፌ አናቱ ክብ ነው። ለቤት ይከብዳል፣ ቦታ ይበላል፣ ግን የማይሞት ዕቃ ነው።

ሌላው 29ኬ ነው፣ ጫማ ሰፊዎች የሚጠቀሙበት። ክንዱ ቀጭንና ረጅም ነው፣ ጫማ ውስጥ ይገባል። መጫኛ እግሩ ዙሪያውን ስለሚዞር ጫማውን ሳያዞሩ በፈለጉት አቅጣጫ ይሰፋሉ። እንዲህ ያለ ብልሃት አይቼ አልጠግብም። ስትገዙት የስፌቱን ርዝመት ሞክሩ። ርዝመቱ ከፍ አልል ካለ እግሩን የሚያንቀሳቅሰው የውስጥ ዕቃ ተበልቷል።

አንድ ልመና ግን አለኝ። 29ኬ በአብዛኛው በሚሠራበት ሰው እጅ ነው ያለው። የሰውየው እንጀራ ነው። ችግር ገጥሞት ሊሸጥላችሁ ቢል ጠይቁት፦ «ጋሼ፣ አንቱ ነገ በምን ልትሠሩ ነው?» መልሱ ካላሳመናችሁ ተዉት። ለመደርደሪያ ጌጥ ብሎ የሰው ሥራ መንጠቅ ነውር ነው።

በእጅ፣ በእግር ወይስ በሞተር?

መብራት በሚጠፋበት ከተማ ይህ ጥያቄ ቀልድ አይደለም። በእግር የሚረገጠው መኪና ሁለት እጅ ነፃ ያደርጋል፣ ፍጥነቱን እናንተ ትቆጣጠራላችሁ፣ መብራት አይጠይቅም። በእጅ የሚዞረው አንድ እጅ ይይዛል፤ ረጅም ስፌት ላይ ይሰለቻል። ግን ይሸከሙታል፣ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡታል፣ ልጅ ለማስተማር የሚሻል የለም።

ሞተር ያለውን በጥንቃቄ እዩ። ከአሜሪካ የመጣ አሮጌ ሞተር ብዙ ጊዜ 110 ቮልት ነው። እኛ ቤት ያለው 220 ነው። ሳታዩ ብትሰኩት ይቃጠላል። ሌላው አደጋ ሽቦው ነው። የድሮ የጎማ ሽፋን እየደረቀ ይፈረፍራል፣ ሽቦው ራቁቱን ይቀራል። ሽቦውን በጣት ጫን ስትሉት የሚሰነጠቅ ከሆነ አትሰኩት። ሞተሩን አስፈትታችሁ በእግር መርገጫ ልታስገጥሙት ትችላላችሁ፤ ብዙዎቹ ሲንጀሮች ይቀበላሉ።

ስለ እግር መርገጫው የብረት መቆሚያ አንድ ነገር። ሰዎች መኪናውን አውልቀው ብረቱን የካፌ ጠረጴዛ ያደርጉታል። ያምራል፣ አልክድም። ግን መቆሚያው ከነመኪናው ሲሆን ነው ሙሉ የሚሆነው። መቆሚያ ያለ መኪና፣ ወይም መኪና ያለ መቆሚያ ስታገኙ ወዲያው ተስፋ አትቁረጡ። የሲንጀር የቤት መኪኖች መቀመጫ መጠን በአብዛኛው አንድ ዓይነት ስለሆነ ከተለያየ ቦታ አግኝቶ ማጋጠም ይቻላል። ሩብ ያህል ያነሱት 28፣ 128 እና 99 ግን በትልቁ ጠረጴዛ ቀዳዳ አይገጥሙም። ሜትር ይዛችሁ ሂዱ።

ከመክፈላችሁ በፊት

ወደ ገበያ ስትወጡ ሁለት ቁራጭ ጨርቅ ያዙ። አንዱ የነጠላ ቁራጭ፣ ሌላው ድርብርብ የጋቢ ቁራጭ ይሁን። ነጭ ክርና ጥቁር ክርም ያዙ። ነጩን ከላይ፣ ጥቁሩን ከታች አድርጋችሁ ስፉ። በላይኛው ገጽ ጥቁር ክር ነጥብ ነጥብ እያለ ከወጣ የክር መወጠሪያው ማስተካከያ ይፈልጋል። ይህ ቀላል ነው። ነጠላው ላይ ስፌት የሚዘል ከሆነ ግን መርፌው ታጥፏል ወይም የታችኛው ዕቃ ተጎድቷል። አዲስ መርፌ ቀይሩና እንደገና ሞክሩ። መርፌ ይዛችሁ መሄድ ያለባችሁ ለዚህ ነው።

መዘውሩ ጨርሶ አልዞር ካለ መኪናው ሞቷል ማለት አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የደረቀ ዘይት ወይም የተጠላለፈ ክር ነው። ግን በጉልበት አታዙሩት፤ ሻጩም እንዳያዞረው ለምኑት። የቆለፈ መኪና በቆለፈ ዋጋ ይገዛል። ቤት ወስዳችሁ ላምባ በየመገጣጠሚያው ጠብ እያደረጋችሁ ሌሊቱን አሳድሩት። በማግሥቱ ወዲያና ወዲህ ቀስ ብላችሁ ነቅንቁት። ከተላቀቀ በኋላ ላምባውን ጠርጋችሁ ንጹሕ የስፌት መኪና ዘይት ስጡት። የምግብ ዘይት ፈጽሞ አታድርጉ፤ ከጊዜ በኋላ ሙጫ ይሆናል።

ላምባና አልኮል ወርቃማው ጌጥ ላይ እንዳይነካ። ጌጡን የሚሸፍነው ስስ ቀለም በአልኮል ይሟሟል። አንዴ ከጠፋ አይመለስም። ጌጡን በጥቂት የስፌት መኪና ዘይትና በለስላሳ ጨርቅ ብቻ ጥረጉ። እንደ አዲስ በጥቁር ቀለም የተቀባ፣ ጽሑፉ በአዲስ ተለጣፊ የተተካ መኪና ካያችሁ ደግሞ እለፉት። የተፋቀ ግን የራሱ የሆነ ጌጥ ከአዲስ ቀለም ይበልጣል። ለአዲስ ቀለም የሚጨመር ብር የለኝም።

መሳቢያውን ሳትከፍቱ አትሂዱ። ዋናው ሀብት ብዙ ጊዜ እዚያ ነው፦ ተጨማሪ እግሮች፣ ቦቢኖች፣ ካቻቢቴ፣ የድሮ መመሪያ መጽሐፍ። ከመኪናው ጋር ተደርቦ ካልተሸጠ በኋላ ለብቻው አታገኙትም። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል፤ ሻጩ «ሌላ ሰው መጥቶ ሊወስደው ነው» ቢልም መሳቢያውን ጨርሳችሁ እዩ።

ስለ ቀይ ሜርኩሪ

ይህን ሳልል ማለፍ አልችልም። በ2009 እ.ኤ.አ. ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ አንድ ወሬ ተነዛ። አሮጌ ሲንጀር መኪና ውስጥ «ቀይ ሜርኩሪ» የሚሉት፣ እጅግ ውድ ነው የሚባል ነገር አለ ተባለ። ሰዎች ስልካቸውን ወደ መርፌው አስጠግተው መስመሩ ከተቋረጠ ሜርኩሪ አለው ይሉ ነበር። አንድ መኪና እስከ 200,000 ሪያል ተጠየቀበት። ሁሉም ውሸት ነበር። ቀይ ሜርኩሪ የሚባል ነገር የለም። መርፌው ብረት ነው፣ ሌላ ምንም የለበትም።

እንዲህ ያለ ወሬ ድንበር አያግደውም። ከዐረብ አገር በስልክ ይመጣል፣ በመተማ መንገድ ይመጣል። ሰው መኪናችሁን በሚሊዮን እገዛለሁ ቢላችሁ፣ ቀድማችሁ «የምርመራ» ብር ክፈሉ ማለቱ አይቀርም። ወደዚያ አትግቡ። ለሜርኩሪ ተብሎ የተፈታታ፣ ሆዱ የተበረበረ መኪና ካጋጠማችሁም አትግዙ፤ የጎደለውን ዕቃ ፈልጎ መጨረስ አይቻልም።

መኪናውን ቤት ካስገባችሁ በኋላ ቁም ሣጥን ላይ ብቻ አታቆዩት። ክረምት ላይ እርጥበቱ ብረቱን ያዝገዋል፤ በጋ ላይ አቧራው ዘይቱን ያደርቀዋል። በፕላስቲክ ከመሸፈን በጥጥ ጨርቅ ሸፍኑት፣ ፕላስቲክ እርጥበቱን ውስጥ ይይዛል። በየወሩ አንድ ሁለት ጠብታ ዘይት ስጡትና መዘውሩን ጥቂት አዙሩት። ሲቀመጥ መጫኛ እግሩ ከፍ ብሎ፣ ከሥሩ ደግሞ ዘይቱን የሚጠጣ ቁራጭ ጨርቅ ይኑር። ቺንጊያውን ከመዘውሩ ላይ አውርዱት፤ ተወጥሮ ከቆየ ይለጠጣል።